ከፍ የተደረገ ፒክአፕ መሪው ሲንቀጠቀጥ፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የላላውን ፈልጉ

«ፒክአፔን ከፍ ካስደረግኩት ወዲህ መሪው ይንቀጠቀጣል። ምን ልቀይር?» ጠያቂው ይለያያል እንጂ ጥያቄው ሁሌም ይኸው ነው። መልሴም ያው ነው፦ ገና ምንም አትቀይሩ። መጀመሪያ የላላውን ፈልጉ።

መሪ በብዙ ምክንያት ይንቀጠቀጣል። ባላንስ ያልተሠራለት ጎማ ያንቀጠቅጠዋል። የሰፋ የብሎን ቀዳዳም፣ ያለቀ ኩሽኔታም እንዲሁ። ከፍ ማድረጉ ደግሞ ቀድሞ የነበረውን ትንሽ ልቅነት ያጎላዋል። የመሪ ዘንጎቹ ከለመዱት በላይ ይዘቀዝቃሉ፣ ትልልቆቹ ጎማዎችም ክብደት ይጨምራሉ። መኪናው በፋብሪካ ቁመቱ እያለ ድምፁን አጥፍቶ የኖረ ያረጀ ቴስቲኒ (በመሪ ዘንግ ጫፍ ያለ መገጣጠሚያ) አሁን የፊቱን እግር በሙሉ ሊያርገበግብ ይችላል።

ከታች ያለው ቅደም ተከተል ገንዘብ ከማያስወጣው ይጀምርና ወደ ከባዱ ይሄዳል። ስለዚህ አትዝለሉ።

በመንገድ ላይ ከያዛችሁ

አንዳንዱ መንቀጥቀጥ እጅን ብቻ ይነዝራል። ሌላው ግን ጉድጓድ ወይም የድልድይ መገጣጠሚያ ስትመቱ ድንገት ይነሳና መሪውን ከእጃችሁ ሊነጥቅ ይደርሳል። ፍጥነቱ እስኪወርድ ድረስም አይለቅም። ሲይዛችሁ መሪውን በሁለት እጅ አጥብቃችሁ ያዙ፤ አውራ ጣታችሁ ግን በመሪው ክብ ውስጥ አይጠምጠም፣ ሊሰብረው ይችላል። ነዳጁን ልቀቁ። ፍሬን በድንጋጤ አትርገጡ፣ ቀስ እያላችሁ ፍጥነት ቀንሱና ዳር ያዙ። ንዝረቱን በመሪ ለመከተል አትሞክሩ፣ አትደርሱበትም።

ይህኛው ዓይነት አንዴ ከታየ መኪናው ሳይመረመር ፈጣን መንገድ ላይ አይውጣ። በተርገበገበ ቁጥር እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ስለሚቀጠቅጥ ቀጣዩ ይብሳል።

የሚያስፈልጋችሁ

- አንድ ረዳት ሰው። ያለ እሱ ዋናውን ምርመራ መሥራት አይቻልም።
- ክሪክ፣ የመኪናውን ክብደት የሚችሉ 2 የብረት መደገፊያዎች፣ ለኋላ ጎማ ታኮ
- ረጅምና ጠንካራ የብረት ማንሻ
- የቁልፍ ስብስብና ቶርክ ቁልፍ
- የጎማ አየር መለኪያ
- ሜትርና ጠመኔ
- የእጅ ባትሪ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ጨርቅ
- የመኪናው የጥገና መመሪያ፤ እያንዳንዱ ብሎን በስንት ኒውተን ሜትር እንደሚጠብቅ የሚነግራችሁ እሱ ነው

ማስጠንቀቂያ፦ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር በፍጹም አትግቡ። ክሪክ ለማንሳት ነው፣ ተሸክሞ የሚያቆየው መደገፊያው ነው። መሬቱ ደልዳላና ጠንካራ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ የኋላ ጎማዎች በታኮ ይታገዱ። ሞተር አስነስታችሁ የምትሠሩትን ምርመራ ደጅ ላይ ሥሩት፤ ዝግ ቤት ውስጥ ጭሱ ይገድላል።

መጀመሪያ የፊት እግሩን ዓይነት ለዩ

ጎንበስ ብላችሁ ከፊት ተመልከቱ። ሁለቱን የፊት ጎማዎች አንድ ወጥ አክስል ያገናኛቸዋል? ላንድክሩዘር 79፣ ራም 2500፣ ጂፕ ግላዲየተር እንዲህ ናቸው። ወይስ እያንዳንዱ ጎማ በራሱ ክንድ ለብቻው ይወጣል ይወርዳል? አዳዲሶቹ ሃይሉክስ፣ ሬንጀር፣ ናቫራና ዲማክስ ከዚህ ወገን ናቸው።

ለምን ይጠቅማል? መሪ የሚነጥቀው ኃይለኛ መርገብገብ በብዛት የወጥ አክስል ችግር ነው። አንዱ ጎማ ሲመታ ንዝረቱ በአክስሉ በኩል ለሌላው ይተላለፋል፣ ያኛው ይመልሳል፣ እንዲህ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። ለየብቻ በሚሠሩት ላይ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ጎማ፣ ቴስቲኒ ወይም ቦል ጆይንት (ጎማው የሚታጠፍበት የኳስ መገጣጠሚያ) ነው፤ እናንተ ደረጃ 4ን ዝለሉት። (አትዝለሉ ያልኩትን የሚሽረው ይሄ ብቻ ነው።)

ደረጃ 1፦ መቼ እንደሚንቀጠቀጥ ጻፉ

ከመኪናው ሥር ከመግባታችሁ በፊት ወረቀት ያዙ። በስንት ፍጥነት? ፍሬን ሲያዝ ነው ወይስ ሳይያዝ? ጉድጓድ ከመታ በኋላ ነው ወይስ ለስላሳ አስፋልት ላይም? መልሱ የፍለጋውን ግማሽ ይጨርስላችኋል።

- በተወሰነ ፍጥነት ብቻ፣ በብዛት ከ80 እስከ 110 ኪሎ ሜትር በሰዓት መካከል መጥቶ ከዚያ በላይ የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ ጎማን ጠርጥሩ። ቁመቱ 84 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጎማ በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ 9 ጊዜ ተኩል ያህል ይዞራል። አንድ ጎኑ ትንሽ ከከበደ በየዙሩ አንዴ ይመታችኋል።
- ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ወደ ፍሬን ዲስኮቹ ሂዱ።
- ጉድጓድ ከተመታ በኋላ የሚነሳ ከሆነ የላላ ነገር አለ። ደረጃ 3 እና 4 የእናንተ ናቸው።
- መሪው ሰላም ሆኖ ወንበሩና ወለሉ ከነዘረ ችግሩ ከመሪ ጋር ላይያያዝ ይችላል። መኪናው ከፍ ሲል የካርዳኑ፣ ማለትም ኃይል ወደ አክስል የሚያደርሰው ዘንግ፣ ማዕዘን ስለሚለወጥ በጫፎቹ ያሉትን መስቀሎች እዩ።
- መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ የማይመለስ፣ ቀጥታ መንገድ ላይም የሚዋልል ከሆነ ካስተር የሚባለው ማዕዘን ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ደረጃ 7።

ደረጃ 2፦ ጎማና ቸርኬ

አየሩን ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ለኩ። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ይሁኑ። የቸርኬ ዳዶዎቹን በቶርክ ቁልፍ ፈትሹ፣ በተለይ ቸርኬው በቅርብ የተቀየረ ከሆነ። ከቸርኬው ኋላ ስፔሰር (ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚያርቅ ብረት) ካለ ቸርኬውን አውልቃችሁ የስፔሰሩንም ዳዶ አጥብቁ፤ እሱን ማንም አያስታውሰውም።

ቀጥሎ በባትሪ የቸርኬውን የውስጥ ጎን እዩ። ጭቃ ደርቆ ተጣብቋል? አትሳቁ፣ ጭቃ ውስጥ ውሎ የመጣ መኪና «ባላንሱ ጠፋ» ተብሎ ብዙ ጊዜ ይመጣል። ሁለት እፍኝ ደረቅ ጭቃ በከፍተኛ ፍጥነት ሙሉ መሪ ያንቀጠቅጣል። እጠቡትና እንደገና ንዱ።

የጎማውን ጥርስ በመዳፋችሁ ዳስሱ። ወጣ ገባ ከሆነ፣ ማለትም አንዱ ጥርስ ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ፣ የላላ ነገር ወይም የደከመ አሞርዛተር ጎማውን ሲያዘልለው ቆይቷል። እንዲህ የተበላ ጎማ ባላንስ ቢሠራለትም መንዘሩን አይተውም።

ርካሹ ፈተና ይኸው፦ መጠናቸው አንድ ከሆነ የፊቶቹን ጎማዎች ወደ ኋላ፣ የኋላዎቹን ወደ ፊት አዙሩ። ንዝረቱ ከመሪ ወደ ወንበር ከተዛወረ ጎማው ነው። ባለበት ከቀረ ቀጥሉ።

ደረጃ 3፦ ጎማዎቹ መሬት ላይ ሆነው መሪን ማወዛወዝ

ከሁሉም የሚበልጠው ምርመራ ይህ ነው። ቢያንስ 15 ደቂቃ ስጡት።

ጎማዎቹ መሬት ላይ ይሁኑ፣ የመኪናው ክብደትም በላያቸው ይረፍ። ክሪክ አያስፈልግም፤ ከፍ ስላለ ያለ ክሪክም ትገባላችሁ። ረዳታችሁ ሞተር ያስነሳና መሪውን ወደ ግራና ቀኝ ያወዛውዝ። ሙሉ በሙሉ አያዙር፤ በሰዓት ቆጠራ ከ10 እስከ 2 ባለው መካከል፣ ፈጠን ፈጠን እያደረገ። ማርሹ ኒውትራል ወይም ፓርክ ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ።

ለምን መሬት ላይ? ጎማው አየር ላይ ከሆነ ዘንጉ ሲገፋው ዝም ብሎ ይዞራል፣ ልቅነቱም ይደበቃል። መሬት ላይ ግን ጎማው ይታገላል። ዘንጉ ጎማውን ከማዞሩ በፊት የላላውን ክፍተት ይጨርሳል፤ እናንተም ያንን ታያላችሁ።

ከላይ ወደ ታች ተከተሉ፦

1. ከመሪው አምድ የሚወርደው ዘንግና መስቀሉ
2. የመሪ ሳጥኑ፦ የሚገባው ዘንግ ዞሮ የሚወጣው ክንድ ዘግይቶ ይከተላል?
3. የመሪ ሳጥኑ ከቻሲሱ ጋር የታሰረበት፦ ሳጥኑ ራሱ ይንቀሳቀሳል? ቻሲሱ ላይ ስንጥቅ አለ? ቀለሙ የተሰነጠቀበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ አጽዱና እዩ።
4. ከመሪ ሳጥኑ ወደ ጎማ የሚሄደው ረጅም ዘንግ፣ በሁለቱም ጫፍ
5. ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ታይሮድ፣ በሁለቱም ጫፍ
6. ትራክ ባሩ (ደረጃ 4 ላይ የማብራራው አግድም ዘንግ)፣ በሁለቱም ጫፍ

በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ የዚህ ወገንና የዚያ ወገን እኩል ይነሳሉ? አንዱ ቀድሞ ሌላው ከዘገየ አገኛችሁት። ዓይን ካልለየው መዳፋችሁን ከላይ አሳርፉበት፤ የላላው «ጠቅ» ሲል በእጅ ይሰማል። ጣታችሁን ግን በሁለት ብረቶች መካከል አታስገቡ። ለረዳታችሁም «እጄን ሳወጣ እነግርሃለሁ» በሉት።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ታይሮዱን በእጅ ይዘው ሲጠመዝዙት በራሱ ዙሪያ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ይህ የቴስቲኒ ተፈጥሮ ነው፣ ብልሽት አይደለም። ቴስቲኒው አልቋል የሚባለው ወደ ላይና ወደ ታች ወይም ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲላወስ ነው። ደህና ቴስቲኒ በዚህ ምክንያት ሲጣል ብዙ አይቻለሁ።

ደረጃ 4፦ ትራክ ባር

ፓናርድ ባር የሚሉትም አሉ። አንድ ጫፉ ቻሲስ ላይ፣ ሌላው አክስል ላይ ታስሮ አግድም የሚሄድ ዘንግ ነው። በሞላ የቆመ ወጥ አክስል ወደ ጎን እንዳይሸሽ የሚይዘው እሱ ነው። እሱ 1 ሚሊ ሜትር ከላላ አክስሉ በሙሉ 1 ሚሊ ሜትር ወዲያና ወዲህ ይላል፣ መሪውም አብሮ ይሄዳል። ኃይለኛ መርገብገብ ባለበት መኪና ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው።

ረዳታችሁ አሁንም መሪውን እያወዛወዘ ሁለቱን ጫፎች እዩ። ጎሚኒው ተቀዷል? ብሎኑ በቀዳዳው ውስጥ ይሄዳል ይመጣል? በብሎኑ ራስ ዙሪያ የሚያብረቀርቅ ብረት ወይም ቀይ የዝገት ዱቄት ካለ ብረት ከብረት ሲፋጭ ከርሟል።

ከዚያ መኪናው በጎማው እንደቆመ ብሎኑን አውጡት፤ አክስሉ ትንሽ ወደ ጎን ሊሸሽ ስለሚችል እጃችሁን አርቁ። ቀዳዳው ክብ ነው ወይስ እንደ እንቁላል ሞልሟላ ሆኗል? ሞልሟላ ከሆነ ማጥበቅ አያድነውም፤ ከሳምንት በኋላ ያው ነው። ቀዳዳው በልኩ በተሠራ ጠንካራ ብረት በብየዳ ይታደሳል፣ ወይም ማሰሪያው ይቀየራል።

እኔ ራሴ በዚህ ተሞኝቻለሁ። መሪዬ ሲርገበገብ ሁለት ጊዜ የመሪ አሞርዛተር (የመሪ ዘንጎቹን ንዝረት የሚያለዝበውን) ቀየርኩ። ሁለቱም ጊዜ ጥቂት ሳምንት ሰላም አገኘሁ፣ ከዚያ ተመለሰ። በመጨረሻ የትራክ ባሩን ብሎን ሳወጣው ከቀዳዳው በ2 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ሆኖ አገኘሁት። ከፍ ያደረገው ሰው እጁ ላይ የነበረውን ብሎን አስገብቶ ነበር።

ስትመልሱት መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ክብደቱ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ይጥበቅ። አየር ላይ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠማዞ ይያዛል፤ መኪናው ሲወርድ ቀኑን ሙሉ እየተጠመዘዘ ይውላል፣ ቶሎም ይቀደዳል።

ማዕዘኑንም እዩ። ከመኪናው ፊት ቆማችሁ ትራክ ባሩንና ከመሪ ሳጥን የሚመጣውን ረጅም ዘንግ አስተያዩ። ሁለቱ እኩል ማዘቅዘቅ አለባቸው። አንዱ ከሌላው በጣም ከተለየ እግሩ ሲወጣና ሲወርድ ሁለቱ የተለያየ ቅስት ይሠራሉ። ያኔ እናንተ ሳታዞሩ ጉድጓዱ ራሱ መሪውን ያዞረዋል። አንዱን ብቻ በማውረጃ ብራኬት ዝቅ ያደረገ ሰው ይህን ችግር በገዛ እጁ ይፈጥረዋል።

ደረጃ 5፦ ጎማውን አንስቶ መነቅነቅ

ወጥ አክስል ከሆነ አክስሉን አንሱና መደገፊያውን ከአክስሉ ሥር አድርጉ። ለየብቻ የሚሠራ ሆኖ ሞላው በታችኛው ክንድ ላይ ካረፈ መደገፊያው ከታችኛው ክንድ ሥር ወደ ጎማው ቀረብ ብሎ ይቀመጥ። እንዲህ ካልሆነ ሞላው ክንዱን ወደ ታች ስለሚገፋ ቦል ጆይንቱ ይወጠራል፣ ልቅነቱም አይታይም።

- ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ። ከተላወሰ ቦል ጆይንት ወይም የጎማ ኩሽኔታ ነው።
- ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ነቅንቁ። ከተላወሰ ቴስቲኒ ወይም ኩሽኔታ ነው።
- ለመለየት ረዳታችሁ ፍሬን ይርገጥ። ልቅነቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ፍሬኑ የሚዞረውን ከማይዞረው ጋር አስሮታልና። ካልጠፋ ወደ ቦል ጆይንቱ ወይም ወደ ቴስቲኒው ሂዱ።
- የብረት ማንሻውን ከጎማው ሥር አስገብታችሁ ወደ ላይ ግፉ። ቦል ጆይንቱ ላይ የሚታይ መዝለል ካለ የተፈቀደውን ልክ ከመመሪያው አስተያዩ።

ላንድክሩዘር 79 ላይ የፊት ጎማው የሚታጠፈው በቦል ጆይንት ፈንታ ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ኩሽኔታዎች ነው። እነሱ ውጥረታቸው ሲወርድ መርገብገቡ ከትራክ ባር ችግር ጋር አንድ ዓይነት ይመስላል። ትራክ ባሩ ደህና ሆኖ ከተገኘ ቀጥታ ወደ እነሱ ሂዱ።

ደረጃ 6፦ ክንዶችና ባሌስትራ

አክስሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚይዙትን ክንዶች ጎሚኒ በማንሻው ገፋ ገፋ አድርጉ። ጎሚኒ መለመጡ ጤና ነው። ከብረቱ ተላቆ ክፍተት ከታየ ግን አልቋል። ፊቱ በባሌስትራ የቆመ ከሆነ አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩትን የዩ ቅርጽ ብሎኖች በቶርክ ቁልፍ ፈትሹ። አዲስ ባሌስትራ ከገባ በኋላ ይረግባል፣ ብሎኖቹም ይላላሉ።

ደረጃ 7፦ ካስተርና ቶ

ይህ የመጨረሻው አካባቢ የመጣው በምክንያት ነው። የላላ ነገር እያለ አላይመንት ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው። የላላው ዕቃ በወዲያኛው ቀን ሌላ ቦታ ይቆማል፣ ልኩም አብሮት ይሄዳል።

ካስተር ማለት ጎማው የሚታጠፍበት መስመር ከላይ ወደ ኋላ የሚያጋድለው ማዕዘን ነው። መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ እንዲመለስ የሚያደርገው እሱ ነው። መኪናው ከፍ ሲል አክስሉን የሚይዘው ክንድ ወደ ታች ስለሚያዘቀዝቅ አክስሉን ይዞት ይዞራል። ከአክስሉ ጋር በሁለት ብሎን የታሰረ የ90 ሳንቲ ሜትር ክንድ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሲጨመርበት 3 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ብዙ ባለ ወጥ አክስል ፒክአፖች ከፋብሪካ የሚወጡት በዚያው አካባቢ ባለ ካስተር ስለሆነ ምን እንደሚቀራችሁ አስቡት። ማስተካከያው እንደ መኪናው ይለያያል፦ ማካካሻ ጎሚኒ፣ የሚረዝም ክንድ፣ ለባሌስትራ ደግሞ ሽብልቅ።

አላይመንት የሚሠራውን ሰው ማሽኑ ከማስተካከሉ በፊት ያነበበውን ወረቀት ጠይቁት። «ተስተካክሏል» የሚለው ቃል ብቻ አይበቃችሁም፤ ቁጥሩን እዩ።

ቶ የሚባለውን፣ ማለትም የፊት ጎማዎቹ ፊታቸው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ምን ያህል እንደሚያዩ፣ ራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ፦

1. መሪውን ቀጥ አድርጉ። መኪናውን ጥቂት ሜትር ወደ ፊት ንዱና አቁሙ።
2. በሁለቱም የፊት ጎማዎች የኋላ ገጽ፣ በጎማው መካከል ቁመት ላይ፣ በጥርሱ መሃል በጠመኔ ምልክት አድርጉ።
3. በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን ርቀት ለኩ።
4. ምልክቶቹ ፊት ለፊት በዚያው ቁመት እስኪመጡ መኪናውን ወደ ፊት ግፉ። ወደ ኋላ አትግፉ፤ ዘንጎቹ ተቃራኒውን ይዘው ይቆሙና ልኩ ይዛባል።
5. እንደገና ለኩ።

የፊቱ ርቀት ከኋላው ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢያጥር ለአብዛኛው ወጥ አክስል ጥሩ ነው። ፊቱ ከበለጠ ጎማዎቹ ወደ ውጭ ያያሉ፣ መኪናው ቀጥታ መሄድ ይሳነዋል። ታይሮዱን ካዞራችሁ ማሰሪያውን መልሳችሁ ማጥበቅ አትርሱ።

ደረጃ 8፦ የመሪ አሞርዛተር፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ

አንዱን ጫፍ ፍቱና በእጅ ግፉት፣ ሳቡት። በሁለቱም አቅጣጫ ሳያቋርጥ መታገል አለበት። ዘይት ካፈሰሰ ወይም መንገድ ላይ ባዶ ቦታ ካለው ቀይሩት። አዲስ አሞርዛተር ልቅነቱን አያጠፋውም፣ ይሸፍነዋል። ሁለት ደርበው የሚገጥሙ ሰዎች አሉ፤ እነሱ መኪና ላይ ያለው ትራክ ባር ብዙውን ጊዜ አሳዛኝ ነው።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

- የመሪ ሳጥኑን ማስተካከያ ብሎን በማጥበቅ ልቅነትን ማጥፋት። ከልክ ካለፈ መሪው መሃል ላይ ይያዛል፣ ከታጠፈ በኋላ አይመለስም፣ የውስጥ ጥርሶቹም ይበላሉ።
- በአንድ ቀን አምስት ዕቃ መቀየር። ቢድን እንኳ የቱ እንዳዳነው አታውቁም፤ ሲመለስ ከዜሮ ትጀምራላችሁ።
- የላላ አንድ ነገር አግኝቶ ፍለጋውን ማቆም። መርገብገብ የጀመረ የፊት እግር ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት የላላ ነገር አለው። ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ሂዱበት።
- የቴስቲኒ ዳዶ ላይ የነበረውን መቆለፊያ ፒን መልሶ መጠቀም። ርካሽ ናት፣ በአዲስ ተኩ።

ሙከራና መልሶ ማጥበቅ

ከሥራው በኋላ መጀመሪያ ባዶ መንገድ ላይ በ40፣ ቀጥሎ በ60 ንዱ። ሰላም ከሆነ ቀድሞ ያርገበግባችሁ በነበረው ዓይነት ወጣ ገባ ላይ በዝግታ ጀምራችሁ እየጨመራችሁ ሞክሩት። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ የነካችሁትን ብሎን ሁሉ በቶርክ ቁልፍ ድገሙት። ከዚያ በየብሎኑ ራስ ላይ ወደ ማሰሪያው የሚያልፍ ነጭ የቀለም መስመር አስምሩ። ሌላ ቀን ጎንበስ ብላችሁ ስታዩ መስመሩ ከተሰበረ ያ ብሎን ዞሯል።